ቧንቧው ሲጮኽ ተጠያቂው ማን ነው?

በመኝታ ሕንፃችን ግድግዳ ውስጥ ያሉት የውሃ ቧንቧዎች ሌሊት ሌሊት የሚያሰሙት ጩኸት የቀልድ ርእስ ሆኖ ከርሟል። አንዳንዶቻችን «መዶሻ ያዡ መጣ» እንላለን፤ ሌሎቻችን ትራስ ጆሯችን ላይ ጭነን ግድግዳውን እንራገማለን። ሰሞኑን ግን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። በየፎቁ ደረጃ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ማንም ተማሪ ቧንቧ እንዳይከፍት፣ ከፍቶ የተገኘም የጎረቤቶቹን ዕረፍት በማወክ እንደሚጠየቅ ተነግሮናል። በዚህ ማስታወቂያ ላይ ያለንን አስተያየት ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን ማቅረብ ግዴታችን መስሎ ታየን።

ጩኸቱ እውነት ነው፤ ይህን አንክድም። ለፈተና ሲያጠና ያመሸ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግድግዳው እንደ ከበሮ ሲመታበት በማግስቱ ምን ዓይነት ጭንቅላት ይዞ ወደ ክፍል እንደሚገባ የሚያውቀው ያውቀዋል። ነገር ግን ውሃ ወደ ሕንፃችን የሚመጣው በፈረቃ መሆኑን ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው የዘነጋ ይመስላል። በፈረቃችን ቀን እንኳ ቢሆን ምድር ቤቱና ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚቀዳ ግፊቱ ይወድቅና ውሃው ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ የሚደርሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። እዚያ የሚኖሩት እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ጀሪካን የሚሞሉት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ ገላቸውን የሚታጠቡት በዚያች ሰዓት ነው። ማስታወቂያው እንግዲህ ለታችኛው ፎቅ እንቅልፍ ሲሰጥ ለላይኛው ፎቅ ጥማት ያዝዛል። ከዚህም የከፋው፣ አንዱን ጎረቤት በሌላው ላይ ያስነሣል፤ ባለፈው ሳምንት ብቻ «ማነው ሌሊት የከፈተው?» በሚል ስንት ጠብ እንደ ሰማን ባንቆጥር ይሻላል።

ለመሆኑ ቧንቧው የሚጮኸው ለምንድር ነው? የፊዚክስ መምህሮቻችን ይታገሡንና ያስተማሩንን እናውጋ። በቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ ክብደት ያለው ነገር ነው። መክፈቻው በድንገት ሲዘጋ፣ የምግብ አዳራሹ በር ድንገት ሲዘጋ ሰልፈኛው እንደሚጋፋ፣ ከኋላ የሚመጣው ውሃ በፊተኛው ላይ ይጫናል። ከዚህ የሚነሣው የግፊት ማዕበል በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጓዘ ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል። ይህን ነገር በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ በ1897 እና በ1898 እ.ኤ.አ. መርምሮ ሒሳቡን ያወጣው ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ዡኮቭስኪ ነው። በርሱ ሒሳብ መሠረት በሰከንድ 1 ሜትር ይሄድ የነበረ ውሃ ባንድ ጊዜ ቢገታ፣ በብረት ቧንቧ ውስጥ የሚጨመረው ግፊት ከ10 አትሞስፌር ይበልጣል። የአዲስ አበባ ምድር ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀ የሚወርድ ነው። ውሃ 10 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ 1 አትሞስፌር የሚጠጋ ግፊት ይጨምራል፤ ሌሊት ብዙ ቀጂ በማይኖርበት ጊዜም ይህ ግፊት ሳይቀንስ ሕንፃው ድረስ ይመጣል።

ቧንቧው በሚገባ ቢታሰር ግን ይህ ሁሉ ኀይል ያን ያህል ባላስጮኸው ነበር። ከመታጠቢያ ክፍሎቹ በስተኋላ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ገብተን አይተናል፤ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ቧንቧ የተያዘው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። የቀሩት ማሰሪያዎች ምስማራቸው ወልቆ ተንጠልጥለዋል። አንድ ተማሪ በሦስተኛ ፎቅ መክፈቻውን ሲዘጋ ቧንቧው በሙሉ ርዝመቱ እየተወዛወዘ ግድግዳውን ይመታል፤ ባዶ ግድግዳም ድምፁን እያጎላ ለሁሉም ክፍል ያድላል።

ሁሉም ድምፅ ግን ምት አይደለም። ውሃው ከሄደበት ሲመለስ የሚሰማው ሳልና ትፋት በቧንቧው ውስጥ የቀረው አየር ነው። (የውሃ ቆጣሪው በአየርም እንደሚዞር የሒሳብ ክፍሉ ቢያስብበት መልካም ነው።) ቀጭኑ ፉጨት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመክፈቻው ውስጥ ያለችው ጎማ ስታልቅ የሚመጣ ነው። የጎማዋን ዋጋ እዚህ ብንጽፈው አንባቢ ይስቃል።

በጀርመን አገር ዲን 4109 የተባለው የሕንፃ ደረጃ ከውሃ መስመር የሚመጣው ድምፅ በጎረቤት መኝታ ክፍል ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይወስናል። እኛን የገረመን ልኩ አይደለም፤ ደንቡ የሚይዘው ሕንፃውን የሠራውን ሰው እንጂ እጁን የሚታጠበውን አለመሆኑ ነው። የእኛ ማስታወቂያ ይህን ገልብጦታል።

«በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ከጎማ ጋር የሚታሰር የብረት ማሰሪያ ምን ያህል በጀት ይፈልጋል? የግፊት መቀነሻ መሣሪያው ዋጋው ከበድ ይላል፤ ለርሱ እስከሚቀጥለው ዓመት ብንጠብቅም አይከፋንም። በጣሪያችን ላይ ያሉት ሁለት ሮቶዎች ግን ተገዝተው የተቀመጡ ናቸው። ያፈስሳሉ ተብሎ ከመስመሩ ከተለዩ ወዲህ የሚጠራቀምባቸው የዝናብ ውሃና የእርግብ ላባ ብቻ ነው። ቢጠገኑና ቢገጠሙ ሌሊት ይሞላሉ፤ የላይኛው ፎቅ ነዋሪም ቀን ቀድቶ ሌሊት ይተኛል። ጀሪካን ይዞ ለመነሣት የሚመኝ ሰው አናውቅም።

ጓደኞቻችንም ቢሆኑ ውሃ በሌለበት ሰዓት የከፈቱትን መክፈቻ ሳይዘጉ አይሂዱ፤ ሲዘጉም በዝግታ ይዝጉ። በዝግታ የተዘጋ መክፈቻ ምቱን በጣም ይቀንሰዋል።

ስለዚህ ኅብረታችን በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ ለተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። ሮቶዎቹ እስኪገጠሙ ድረስ ማስታወቂያው ይነሣ። ከምህንድስና ክፍል ስድስት ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ማሰሪያ ለመግጠም ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል፤ የሚያስፈልጋቸው የመተላለፊያዋ ቁልፍና አንድ ረጅም መሰላል ነው።