ሙያ ያለው ተጓዥ



በኔፓል ዋና ከተማ በካትማንዱ፣ በትሪቡቫን አውሮፕላን ማረፊያ፣ ግንባራቸውን የምርቃት ምልክት የሆነውን ቀይ ቲካ የተቀቡ፣ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን ያጠለቁ ወጣቶች ፓስፖርታቸውን ጨብጠው ይሰለፋሉ። እናት እንባዋን እየዋጠች ትሸኛለች። በዚያው ማረፊያ፣ በዕቃ ማውጫው በኩል፣ የሌላ እናት ልጅ በሬሳ ሣጥን ይመለሳል።

ኔፓላውያን ከውጭ የሚልኩት ገንዘብ የአገራቸውን ዓመታዊ ምርት ሩብ ያህላል። ወደ ኳታር፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስና ማሌዥያ የሚሄዱት ብዙዎቹ ግን በእጃቸው ሙያ የለም። በዘር ተዋረድ ከተገለሉት ከዳሊት ቤተሰብ ወይም ከደቡቡ የማዴሽ ሜዳ የወጣ ድሃ ልጅ ለደላላ የሚከፍለውን በአራጣ ይበደራል፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ለዕዳ ይውላል። ቪዛና ቲኬቱን አሠሪው ይክፈል የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኔፓል መንግሥት መመሪያም ይህን አላስቀረም።

ይህ እትም ትኩረቱን ከጉዞው በፊት ባሉት ወራት ላይ አድርጓል። ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ወይም የቧንቧ ሥራ መማር ለተጓዡ ወጣት የመደራደር አቅም ይሰጠዋል። ነገር ግን የዕለት ጉርሱን በቀን ሥራ የሚያገኝ ወጣት ሥልጠናው እስኪያልቅ ምን ይበላል? የምስክር ወረቀቱንስ የሩቁ አሠሪ ይቀበለዋል? ተመልሶ ሲመጣ የቀሰመው ሙያ በመንደሩ ሥራ ያስገኝለታል? ጽሑፎቻችን እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ይነሣሉ።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ልጆቻችንን ወደ እነዚሁ የባሕረ ሰላጤ አገሮች እንሸኛለን። ስለዚህ የኔፓልን እናት እንባ እንደ ሩቅ ወሬ አናየውም። መሄድ መብት ነው፤ ተገዶ፣ ባዶ እጅን፣ በዕዳ ታስሮ መሄድ ግን ዕጣ ፈንታ ሊሆን አይገባም።



አዘጋጁ