ብርቱ መርዝ ሁሉ ገዳይ አያደርግም

ባለ ስድስት ዓይኗን የአሸዋ ሸረሪት የዓለማችን አደገኛ ገዳይ አድርጎ የሳለው፣ አንባቢም ባያት ቦታ ሁሉ እንዲጨፈልቃት የመከረው ጽሑፍ ከባድ ስህተት ሠርቷል። የመርዝን ብርታትና የእንስሳን አደገኛነት እንደ አንድ ነገር ቆጥሯል።

መርዟ ብርቱ መሆኑን ማንም አይክድም። በቤተ ሙከራ የተነከሱ ጥንቸሎች ሞተዋል፤ በመርዙ ውስጥ ያለው ስፊንጎማይሊኔዝ ዲ የተባለ ኢንዛይም ሥጋን ይገድላል፣ ቀይ የደም ሕዋሳትንም ያፈርሳል። ይህ ግን መርዙ ገላ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን እንጂ ሰው የመነከስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አይነግረንም። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ጨርሶ አላነሳም። በሰው ላይ ደረሰ ተብሎ የተመዘገበው ንክሻ እጅግ ጥቂት ነው!

ምክንያቱም አኗኗሯ ነው። በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር የምትኖረው ይህች ሸረሪት ድር ዘርግታ አታድንም። ጠፍጣፋ ገላዋን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ትጠብቃለች፤ የአሸዋ ቅንጣቶች ፀጉሯ ላይ ስለሚጣበቁ ከተገለጠች በኋላ እንኳ ከመሬቱ አትለይም። ነፍሳት አጠገቧ ሲያልፉ ብቻ ብቅ ብላ ትይዛቸዋለች። ያለ ምግብ ለረጅም ጊዜ ትቆያለች። እንዲህ ያለች ፍጥረት ሰው ቤት ምን አላት? ሲነኳት እንኳ የሚቀናት መሸሽ ነው።

ጸሐፊው ለሰው ደህንነት ከልቡ ከተጨነቀ፣ በእነዚያ በረሃዎች የሚሄድ ሰው ጫማ እንዲያደርግና አሸዋውን በባዶ እጁ እንዳይቆፍር ይምከር። ፈልጎ ግደል ማለት ግን ሰውን ካለችበት አሸዋ ድረስ ወስዶ ለንክሻ ማጋለጥ ነው።