የካምቤልታውን ዊስኪ ዕጣ

በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ባለችው ትንሽ የወደብ ከተማ በካምቤልታውን፣ በ1880ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከ20 በላይ የዊስኪ ፋብሪካዎች ይሠሩ ነበር። የድንጋይ ከሰሉ ከአጠገቧ ይወጣል፤ ዊስኪውም በመርከብ ወደ ግላስጎው ይጫናል። ከ1934 በኋላ ግን የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ስፕሪንግባንክና ግሌን ስኮሺያ።

ከተማይቱን የጣላት ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ይህን ግማሽ እውነት እንለዋለን። ክልከላው መላውን ስኮትላንድ ጎድቷል፤ ስፔይሳይድ ግን እንዲህ አልተራቆተም። የካምቤልታውንን ዊስኪ ትልልቅ ነጋዴዎች እየገዙ ከሌላ ጋር ቀይጠው በራሳቸው ስም ይሸጡት ነበር። እነርሱ ለስለስ ወዳለው ወደ ስፔይሳይድ ዊስኪ ሲዞሩ፣ ከተማይቱ ሌላ በቂ ገዢ አላበጀችም። በ1923 የከሰል ጉድጓዱም ተዘጋ። የቡናው ዋጋ ኒውዮርክ ላይ የሚቆረጥበትን የሲዳማ ገበሬ ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ የባዕድ ታሪክ አይደለም።

ስፕሪንግባንክ ብቅሉን በገዛ ወለሉ ላይ በሰው ጉልበት እያገላበጠ፣ ጠርሙሱንም እዚያው እየሞላ በራሱ ስም ይሸጣል። ባለቤቶቹ በ1925 የተዘጋውን የግሌንጋይልን ፋብሪካ በ2004 እንደገና አስነሡ። ዊስኪው የሚሸጠው ግን ኪልከራን ተብሎ ነው፤ የድሮው ስም በሌላ ነጋዴ እጅ ገብቶ ነበርና።