ሞላው ከመቆረጡ በፊት

 

ነገሩ የሆነው ባለፈው የትምህርት ዓመት ነው። አንድ አባት የልጃቸውን የፊዚክስ ደብተር በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። ደብተሩን ገልጠው አሳዩን። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች በቀር የቀረው ሁሉ የመኪና ሥዕል ነው። ያውም አንድ ዓይነት መኪና፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀራት፣ የጎማዋ እኩሌታ በላሜራው ሥር የተደበቀ አሮጌ የአሜሪካ ፒካፕ።

«ኡስታዝ» አሉን፤ «አጎቱ ከካሊፎርኒያ ፎቶግራፍ ከላከለት ወዲህ ልጁ ሌላ ወሬ የለውም። እኔ ጭነት እንዲችልልኝ ባሌስትራ እያስጨመርኩ ሃያ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። እሱ ደግሞ መኪና ላውርድ ይለኛል። እባክዎን ከንቱ ነገር መሆኑን ይንገሩልኝ።»

እኛም ደብተሩን ተቀብለን የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቅን። ያላወቁትን ነገር ከንቱ ነው ብሎ መፍረድ ለመምህር አይገባምና። በዚያ ሳምንት ያገኘነውን ለእናንተም ማካፈል ወደድን፤ ልጃቸው በአንድ ነገር ፍቅር ተይዞ የተቸገሩ ወላጆች እኚህ አባት ብቻ እንዳልሆኑ እናውቃለንና።

ዝቅታው ከየት መጣ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት በካሊፎርኒያ፣ በተለይም በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ወጣቶች አሮጌ መኪና እየገዙ ማሳመር ያዙ። በዚያው ዘመን ሌሎች ወጣቶች መኪናቸውን ለፍጥነት ያዘጋጁ ነበር። እነዚህ ግን ተቃራኒውን መረጡ። ከኋላ የአሸዋ ከረጢት እየጫኑ፣ ኋላም ሞላውን እየቆረጡ መኪናቸውን ወደ መሬት አስጠጉ። በስፓኒሽ ቋንቋ «ባኺቶ ኢ ስዋቬሲቶ» ይሉታል፤ ዝቅ ብሎ በእርጋታ እንደማለት ነው። ዓላማው ቶሎ መድረስ አልነበረም። በሰፈሩ ጎዳና በቀስታ አልፎ፣ በእጅ የተሠራውን ሥራ ለወገን ማሳየት ነበር።

ሕግ ግን በበጎ ዓይን አላየውም። እ.ኤ.አ. በ1958 በካሊፎርኒያ አንድ ድንጋጌ ሥራ ላይ ዋለ። ከጎማ በቀር ማናቸውም የመኪና ክፍል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ከተለወጠ፣ ያንን መኪና በመንገድ ላይ መንዳት ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት በኮርቬት መኪናው ላይ የአውሮፕላን የሃይድሮሊክ ዕቃዎች ገጠመ። ሲያሻው መኪናውን ያወርዳል፤ ፖሊስ ሲመጣ ወደ ሕጋዊው ቁመት ያነሣል። ክልከላው ብልሃትን ወለደ ማለት ይህ ነው።

ይኸው ጥበብ እያደር ወደ ፒካፖችም ተሻገረ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የጃፓን ትናንሽ ፒካፖች የወጣቶች መለማመጃ ሆኑ። ዛሬ ግን ብዙዎች የሚፈልጉት የተማሪያችን ደብተር የሞላባትን አሮጌዋን የአሜሪካ ፒካፕ ነው።

ለሥራ የተወለደች መኪና

በሥዕሎቹ ላይ ያየናት ሸቭሮሌት ሲ 10 ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 ድረስ የተሠራችው ናት። «ሲ» የሚለው ፊደል ሞተሩ የሚያሽከረክረው የኋላ ጎማዎችን ብቻ መሆኑን፣ 10 ደግሞ የግማሽ ቶን ደረጃ መሆኗን ያመለክታል። የተሠራችው ለገበሬውና ለግንበኛው ነበር። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል አጭሯ 115 ኢንች ወይም 2.92 ሜትር ያህል፣ ረጅሟ ደግሞ 127 ኢንች ወይም 3.23 ሜትር ያህል ናት። ዛሬ ይበልጥ የምትፈለገው አጭሯ በመሆኗ፣ ረጅሟን ገዝተው ሻንሲዋን ቆርጠው የሚያሳጥሩ አሉ።

የምትወደድበት ምክንያት ብዙ ነው። በብዛት ተመርታለች፤ መለዋወጫዋ እስከ ዛሬ በአዲስ ይሠራል። ኮፈኗ ሲከፈት በሞተሩ ዙሪያ እጅ የሚያስገባ ሰፊ ቦታ አለ። ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን ብዙ ፒካፖች ከኋላ በባሌስትራ ሲቆሙ፣ እሷ በአብዛኛው ከፊትም ከኋላም በሞላ ትቆም ነበር። ይህም ለማውረድ ይመቻል።

አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ዝገትን ነው። የወለሉ ላሜራ፣ ከበሩ ሥር ያለው ክፍልና የጋቢናው የኋላ ማዕዘኖች ቀድመው የሚበሉ ናቸው። በእነዚህ መኪኖች የቤንዚኑ ታንከር ጋቢናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው በስተኋላ ነበር። አስተዋይ ሠሪዎች ይህን አውጥተው ከኋላ፣ ከጭነት ማስቀመጫው ሥር ያስቀምጡታል። ሰው ከጀርባው ቤንዚን ተሸክሞ እንዳይነዳ ነው።

አንዱን የነካ ሁሉንም ነካ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። መኪና ለማውረድ ሞላ መቁረጥ ብቻ ይበቃል? ተማሪያችን እንዲያ መስሎታል። ብዙ ወጣቶችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሞላ የተጠቀለለ ረጅም ብረት ነው። ክብደት ሲያርፍበት እያንዳንዱ ጥቅል የድርሻውን ይታጠፋል። ጥቅሉ ሲቀንስ የሚታጠፈው ብረት ያንሳል፤ ስለዚህ ሞላው ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። አሥር ጥቅል ካለው ሞላ አንዱ ቢቆረጥ ጥንካሬው በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ተሳፋሪው ግን ጉድጓዱን አብዝቶ ያውቀዋል። በእሳት የተቆረጠ እንደሆነ ደግሞ ሙቀቱ ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያበላሽበታል።

ስለዚህ አዋቂዎች ሌላ መንገድ ይሄዳሉ። ከፊት በኩል ጎማው የሚሽከረከርበትን ስፒንድል የተባለ ብረት በሌላ ይለውጣሉ። በአዲሱ ላይ ጎማው የሚገባበት ዘንግ 2.5 ኢንች ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ መኪናዋ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ሞላው ግን አልተነካም። ከዚያ በላይ ዝቅታ የፈለገ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ ይጨምርበታል።

ከኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለው ክፍተት ስለሚጠብ፣ ጉድጓድ ሲመጣ ብረት ከብረት ይጋጫል። ለአክስሉ መተላለፊያ እንዲሆን ሻንሲው ከሥሩ በግማሽ ክብ ይቆረጥና በወፍራም ብረት ዙሪያውን ይጠናከራል። ማጠናከሪያው ከተዘነጋ ወይም ብየዳው ደካማ ከሆነ የመኪናዋ አጥንት ተሰበረ ማለት ነው።

በዚህም አያበቃም። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ዘንግ፣ መኪናዋ ስትወርድ አክስሉን ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ ስለዚህ ርዝመቱ በሚስተካከል ሌላ ዘንግ ይለወጣል። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ አቀማመጡ ይቀየርና መኪናዋ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። አሞርዛተሩ ካላጠረ ለመጨመቅ የሚተርፈው ቦታ ያልቃል። የፊት ጎማዎች አቋም ካልተስተካከለ ጎማው በአንድ ጠርዙ ይበላል። የፊት መብራቱ እንኳ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል።

ስለ ፍሬንም እናንሣ። በሲ 10 ላይ የፊት ዲስክ ፍሬን መደበኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ከፊትም ከኋላም በከበሮ ፍሬን ይቆሙ ነበር። ለአሮጌ መኪና አዲስ ሞተር ገጥሞ የድሮውን ፍሬን የሚተው ሰው፣ መሄድን አስቦ መቆምን የረሳ ነው።

ዛሬ ብዙዎች በሞላ ፋንታ የጎማ አየር ከረጢት ይገጥማሉ። በኮምፕሬሰር የተሞላ ጋን አየሩን ያቀብላል። ባለቤቱ ማብሪያ ሲጫን መኪናዋ ሲነዳት ከፍ፣ ሲያቆማት ዝቅ ትላለች። የሃይድሮሊኩ አሳብ በአየር ተመለሰ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ወጣቶች ልብ በሉ! በአየር ከረጢት ወይም በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር መግባት ነፍስን ለአንዲት ቧንቧ መስጠት ነው። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳይደገፍ ማንም አይገባም። የታመቀ ሞላም ያለ መሣሪያው ከተፈታ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል።

ከ66 ዓመት በኋላ

ያ የ1958 ድንጋጌ ምን ሆነ? ለረጅም ዘመን ዝቅ ያለ መኪና የያዘ ወጣት በብዙ ሰው ዓይን አጥፊ ነበር። ብዙ ከተሞችም በዝግታ እየተመላለሱ መንዳትን ከለከሉ። መንገድ መጨናነቁና አልፎ አልፎ ጠብ መነሣቱ እውነት ነው። ይሁንና በዚያው መንገድ አባትና ልጅ፣ ወንድምና እኅት አብረው የሠሩትን መኪና ይዘው ይወጡ ነበር። የአንዳንዶቹ ጥፋት ለሁሉም ተረፈ። በመጨረሻ በ2023 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አዲስ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ጸና። የዝቅታው ድንጋጌ ተሻረ፤ ከተሞች በዝግታ መመላለስን የሚከለክሉበት ሥልጣንም ተነሣ። ከ1958 እስከ 2024 ቢቆጠር 66 ዓመት ነው። በመጀመሪያ የተከሰሱት ወጣቶች ነገሩ ሲሻር አያት ሆነው ነበር።

ይህን ስናነብ ስለዚያ ደብተር አሰብን። እኛ አዋቂዎችስ የልጆቻችንን ፍቅር ሳንመረምር ስንቱን በአንድ ቃል ከልክለናል? ሕግ ስሕተቱን ለማረም 66 ዓመት ፈጀበት። ልጅን ግን ያን ያህል ጊዜ መጠበቅ አይቻልም፤ ያድግና ከእጃችን ይወጣል።

ደብተሩ ሲመለስ

በሳምንቱ ልጁን ጠርተን ደብተሩን መለስንለት። በመጨረሻው ገጽ ላይ አምስት ጥያቄዎች ጽፈንበት ነበር። ሞላ ቢቆረጥ ይጠነክራል ወይስ ይለሰልሳል? ሻንሲው የት ይቆረጣል፣ በምን ይጠናከራል? ፍሬኑስ? ጎማው በአንድ ወገን የሚበላው ለምንድን ነው? አምስተኛው ደግሞ፣ ወጪውን ማን ይችላል? የሚል ነበር። «መልሱን ከአባትህ ጋር ሠርተህ አምጣ» አልነው። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። «ቲቸር፣ እሱ እኮ ስለዚህ አያወራም» አለ። እኛም «ሃያ ዓመት ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ሰው ካንተም ከኛም ይበልጥ ያውቃል» ብለን ሸኘነው።

ደብተሩ የተመለሰው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። መልሱ በሁለት ዓይነት የእጅ ጽሕፈት ነበር። ልጁ በመጀመሪያው ጥያቄ ሥር «ይለሰልሳል» ብሎ ጽፏል። በላዩ ላይ ወፈር ያለ መሥመር ተሰርዞበት፣ ጎንበስ ባለ ጽሕፈት «ይጠነክራል። ወገብህን ጠይቅ» ይላል። አምስተኛው ላይ ግን አባት ብቻቸውን ጽፈዋል፦ «ጭነት የማትጭን ፒካፕ በኔ ገንዘብ አትሠራም።»

ይህን መልስ እኛም አንነቅፈውም። ለቤት የሚገባን ገንዘብ ለመኪና ጌጥ ማዋል ማባከን ነው፤ በአሜሪካም ቢሆን በዚህ ቤታቸውን የጎዱ አይጠፉም። ማወቅ ግን ማባከን አይደለም። ያ ልጅ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ጋራዥ ይውላል። እስካሁን ያወረደው መኪና የለም፤ ባለፈው ወር ግን በአባቱ መኪና ላይ የተሰበረ ባሌስትራ ሲለወጥ ብሎኑን የፈታው እሱ ነው። ሥዕሉንም አልተወም።

እናንተ ወላጆች፣ በልጃችሁ ደብተር ውስጥ ያልገባችሁን ነገር ስታገኙ ከመቅደዳችሁ በፊት ጠይቁ። እናንተም ወጣቶች፣ የምትወዱትን ነገር እስከ ብሎኑ ድረስ እወቁት፤ የማያውቁትን መውደድ ከሥዕል አያልፍም።