የባሕር ነፋስ ትንበያን በምን እንመዝነው?

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በቀይ ባሕር ላይ የነፋስ ትንበያን ስፈትሽ የመጀመሪያው ውጤት እጅግ አስደስቶኝ ነበር። ትንበያውን ኢአርኤ5 ከተሰኘው ዳግም ትንተና ጋር ሳነጻጽረው ስሕተቱ አነስተኛ ሆኖ አገኘሁት። ደስታው ግን አልቆየም። ሁለቱም ከአንድ የሞዴል ቤተሰብ የወጡ በመሆናቸው፣ በጋራ የሚስቱትን ነፋስ ንጽጽሩ ሊያሳየኝ አይችልም፤ ተፈታኙ የራሱን ወረቀት እንደ ማረም ነው።

በሜትኦፕ ሳተላይቶች ላይ የተተከለው አስካት ራዳር የተሻለ ምስክር ነው። እርሱም ቢሆን ነፋስን በቀጥታ አይለካም፤ ነፋሱ በውሃው ገጽ ላይ ከሚያስነሣቸው ጥቃቅን ሞገዶች የሚመለሰውን ምልክት ተቀብሎ የ10 ሜትር ከፍታ ነፋስን ያሰላል። በጠረፍ አጠገብ ደግሞ የየብሱ ምልክት ይቀላቀልበታል።

ከመረጃው ምንጭ ይልቅ የሚያሳስበኝ የመመዘኛው ቁጥር ነው። በአራት ጎረቤት ነጥቦች ላይ የታየው ነፋስ በሰከንድ 5፣ 15፣ 5 እና 5 ሜትር ነበር እንበል። አንደኛው ትንበያ ብርቱው ነፋስ እንደሚመጣ ዐውቆ ቦታውን በአንድ ነጥብ ቢስት፣ 5፣ 5፣ 15 እና 5 ይላል። ሁለተኛው ብርቱ ነፋስ መኖሩን ጨርሶ ሳያውቅ በአራቱም ላይ 5 ይላል። የስሕተቶቹን ካሬ አማካይ ወስደን ሥሩን ስናወጣ ለአንደኛው 7.1፣ ለሁለተኛው 5.0 እናገኛለን። አንደኛው በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ተቀጣ፤ ምንም ያላስጠነቀቀው አሸነፈ።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ በሱዳን ጠረፍ ካለው የቶካር ክፍተት ወደ ባሕሩ የሚወጣው ነፋስ በጠባብ መስመር በሰከንድ ከ15 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የፍርግርጉ ስፋት 31 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ኢአርኤ5 እንዲህ ያለውን ነፋስ ያለሰልሰዋል፤ የዓመቱ አማካይ ስሕተት ደግሞ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። በዚያ የሚያልፈውን አነስተኛ ጀልባ የሚያሰጋው ግን የዓመቱ አማካይ ነፋስ አይደለም።

አንድ ቁጥር ለንጽጽር ይቀላል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እውነት ነው፣ ይቀላል። ቢሆንም የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ስሕተትን ቢያንስ በነፋስ ጥንካሬና በወቅት ለይተው ሊያቀርቡ፣ ብርቱው ነፋስ ስንት ጊዜ እንደተተነበየና ስንት ጊዜ እንደታለፈም ሊቆጥሩ ይገባል ባይ ነኝ። በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ነፋሱ በክረምትና በበጋ አቅጣጫውን የሚገለብጥ በመሆኑ፣ ሁለቱን ወቅቶች በአንድ አማካይ መጨፍለቅ ይበልጥ ያሳስታል። እኔም የሐምሌንና የነሐሴን መረጃ ለይቼ ስሌቱን እንደ ገና ጀምሬአለሁ፤ አማካሪዬ ስለ ጊዜ ሰሌዳው የሚሉኝን ገና አልሰማሁም።