ስለሚመጣው ዘመን ተረትና ስለ ሴቶች ድርሻ

የድሬዳዋን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለ ከበደው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ከተራራው ግርጌ ከሜዳው ላይ ደረሰ፤ በጣቢያውም ዙሪያ ከተማ ቆመ። ስለዚህ መኪና የሰውን ኑሮ እንዴት አድርጎ እንደሚለውጥ ለድሬዳዋ ሰው የሚያስረዳው ተረት አያስፈልገውም፤ አያቶቹ በዓይናቸው አይተውታልና። ሴቶችም በዚያ ለውጥ ተመልካች ብቻ አልነበሩም። አሮጌው ባቡር እስኪቆም ድረስ ዕቃቸውን አስረው እየተሳፈሩ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ይነግዱ፣ ዋጋ ይቆርጡ፣ በትርፋቸውም ቤተ ሰብ ያስተዳድሩ ነበር።

ይህን የሚያውቅ ሰው ማታ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የሳይንስ ልቦለድ የሚባለውን፣ ይኸውም ስለሚመጣው ዘመንና ስለ ጠፈር ጉዞ የሚተረከውን ጨዋታ ሲመለከት፣ አንድ ነገር ሊያስደንቀው ይገባል። ደራሲው ከዋክብትን ያቀራርባል፤ ሞትን ያሸንፋል፤ ብረትን ያናግራል፤ ሴቲቱን ግን ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ቦታዋ አያነሣትም። ወይ በወንድ እጅ ትድናለች፣ ወይ ለመርከቡ ጌጥ ትሆናለች፣ ወይ በደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ‹‹ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ›› የሚለው የአገር ቤት ተረት ሐዲድ ሳያስፈልገው ጠፈር ደርሷል። ሁሉን ለመለወጥ ሥልጣን ያለው ብዕር ይህን አንዱን ሳይለውጥ መቅረቱ የአሳብ ድህነት ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ወቀሳውም ከባዕድ ሳይሆን ከቤት ሊጀምር ይገባል። በ2015 የወጣው ‹‹ክረምብስ››፣ ትርጓሜውም ‹‹ፍርፋሪ›› የሆነው ፊልም፣ በስፔናዊው በሚጌል ያንሶ አዘጋጅነት በኢትዮጵያ ምድር በአማርኛ ቋንቋ የተሠራ የሳይንስ ልቦለድ ነው። ዓለም ከፈራረሰች በኋላ፣ በሰማይ ተንጠልጥሎ የኖረ መርከብ የመንቃት ምልክት ያሳያል። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰው ምሥጢሩን ሊፈልግ መንገድ ይወጣል፤ ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታት ሴት ግን በቤት ትቀራለች። ሥራው በድፍረቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በዚያው በ2015፣ በኅዳር ወር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአብራሪዎቹ ጀምሮ በሴቶች ብቻ የተመራ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ልኳል። ካፒቴን አምሳለ ጓሉም ከዚህ አስቀድሞ በ2010 ከአየር መንገዱ ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ካፒቴን ሆነው ነበር። ተረቱ ሴቲቱን ከመርከቡ ሥር ሲያስቀምጣት፣ እውነቱ ከመሪው ፊት አስቀምጧታል። ከዛሬው እውነት ወደ ኋላ የቀረ ትንቢት ምን ይባላል?

‹‹ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ማንን ይጎዳል?›› የሚሉ አይጠፉም። ለእነዚህ የአሜሪካው ‹‹ስታር ትሬክ›› መልስ ይሆናቸዋል። በ1966 በተጀመረው በዚያ ተከታታይ ድራማ ጥቁሯ ተዋናይ ኒሼል ኒኮልስ የጠፈር መርከብ መኮንን ሆነው ታዩ። ሥራውን ሊተዉ ባሰቡ ጊዜ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እንዳይተዉ እንደ መከሯቸው ራሳቸው ተናግረዋል። በ1992 ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሆነው ወደ ጠፈር የወጡት ዶክተር ሜይ ጀሚሰንም ያ ጨዋታ በልጅነታቸው እንዳነሣሣቸው መስክረዋል። ጨዋታ ማነሣሣት ከቻለ ማስቀረትም ይችላል። ስታር ትሬክም ራሱ ሴትን ዋና ገጸ ባሕርይና የመርከብ አዛዥ አድርጎ ለማቅረብ እስከ 1995 ድረስ 29 ዓመት ዘግይቷል።

በሌላ ወገን ደግሞ የወንድን ጠመንጃ ለሴት በማስያዝ ዕዳው የተከፈለ የሚመስላቸው አሉ። ይህም ልብስ መለወጥ ነው እንጂ ሰው መፍጠር አይደለም። መለኪያው ሌላ ነው፤ ሴቲቱ የራስዋ ጥያቄ አላትን? ውሳኔዋ የታሪኩን መንገድ ይለውጣልን? ብትሳሳትስ እንደ ማንኛውም ሰው ዋጋውን ራስዋ ትከፍላለችን? ይህ የሌላት ገጸ ባሕርይ አዛዥ ተብላ ብትጠራም ጌጥ ናት።

እንግዲህ የአማርኛ ቴሌቪዥን የራሱን የሳይንስ ልቦለድ እንዲሠራ የሚመኝ ደራሲ ሁሉ፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ወደ ድሬዳዋ አሮጌ ጣቢያ ይሂድ። ዕቃዋን አስራ፣ የጉዞዋን ትርፍና ኪሳራ በራስዋ ሒሳብ አስልታ ከዚያ የተሳፈረችውን ነጋዴ ያስብ። የጠፈር መርከቡንም ሲሠራ እንዲህ ያለችውን ሴት ከደጅ አይተዋት፤ መንገዱን እርስዋ ትምረጥ።