የግዞተኛን የዘር ሐረግ ፍለጋ በይፋት ቆላ

ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የፋሺስት አገዛዝ በርካታ ኢትዮጵያውያንን ወደ ሶማሊያው የዳናኔ ማጎሪያና ወደ ኢጣሊያ በግዞት ልኳል። የግዞተኞቹን የቤተሰብ ታሪክ በመዝገብ ብቻ መከታተል ግን ያሳስታል። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በአባቱ ስም እንጂ በቋሚ የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ አያት ካልተጠቀሰ ሞክሼዎች ይደባለቃሉ፤ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍም የ«ቀ»ና የ«ከ» ልዩነት በቀላሉ ይጠፋል። አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር በሚጎራበቱበት በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የሚጠና ግዞተኛ ማንነት ሊረጋገጥ የሚችለው የአረጋውያን የትውልድ ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር ነው። ቆጠራው ዘመንን አጥርቶ አያሳይም፤ መዝገቡም ዝምድናን አይናገርም። መዝገብ ቆይቶም ይገኛል፤ አረጋውያኑ ግን እያለፉ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄዱ በፊት የአረጋውያኑን ቃል ሊመዘግብ ይገባል።